«ልጄን ጀርባውን ሊወጉት ነው»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ወር እዚሁ ገጽ ላይ ልጆች ኦፕራሲዮን ከመግባታቸው በፊት ለስንት ሰዓት ሆዳቸው ባዶ መሆን እንዳለበት ጽፌ ነበር። ስለዚያ የጠየቀኝ ሰው ግን ጥቂት ነው። ደብዳቤውም በስልክ የመጣው መልእክትም አብዛኛው ስለ አንድ ነገር ነው፦ ጀርባ ላይ ስለሚሰጠው መርፌ። ስለዚህ ዛሬ ገጹን ሙሉውን ለሱ ሰጠሁት። ለአዲስ አንባቢ፣ እኔ አንስቴቲስት ነኝ። አብዛኛው የሥራ ዘመኔ ያለፈው ልጆችን በማስተኛትና ከኦፕራሲዮን በኋላ ህመማቸውን በማስታገስ ነው።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላጥራ። «ጀርባ ላይ መርፌ» ስንል ሁለት የተለያየ ነገር እንቀላቅላለን። ህብለ ሰረሰራችን በውሃ በተሞላ ከረጢት ውስጥ ነው ያለው። ከረጢቱን አልፎ ውሃው ውስጥ መድኃኒት የሚሰጠው ስፓይናል ይባላል፤ ብዙ እናቶች በኦፕራሲዮን ሲወልዱ የሚወስዱት እሱን ነው። ኤፒዱራል ግን ከረጢቱን አይነካም። ከከረጢቱ ውጭ ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ይቀመጥና ከዚያ የሚወጡትን ነርቮች ያደነዝዛል። ካውዳል የሚባለው ደግሞ ያው ኤፒዱራል ነው፤ የሚገባው ግን በታች በኩል፣ ከጭራ አጥንት አጠገብ ነው። ትንንሽ ልጆች ላይ በብዛት የሚሠራው ይኸኛው ነው።

«ልጄ 4 ዓመቱ ነው። ቡአ አለበት ተብሎ ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተሰጠን። ሙሉ ሰመመን ይሰጠዋል፣ ከተኛ በኋላ ደግሞ ጀርባው ላይ ይወጋል አሉኝ። ከተኛ ለምን ይወጋል? እኔ እሱን የወለድኩት ጀርባዬን ተወግቼ በኦፕራሲዮን ነው፣ እስከ ዛሬ ወገቤን ያመኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ተወግቶ ሽባ የሆነ ልጅ አለ ትላለች። እንቅልፍ አጣሁ።» (አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ)

እህቴ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነው። እንዲህ ተብሎ በችኮላ የተነገራት እናት ሁሉ ብትጨነቅ አይፈረድባትም።

ከተኛ ለምን ይወጋል ላልሽው፣ እንቅልፍና ህመም አንድ አይደሉም። ሙሉ ሰመመን ልጅሽን ያስተኛዋል፣ እንዳይንቀሳቀስና እንዳያስታውስ ያደርገዋል። ሰውነቱ ግን ሲቆረጥ ያውቃል፤ የልብ ምቱ ይጨምራል፣ ትንፋሹ ይለወጣል። ከዚያ ሰመመኑ ሲቆም ልጁ ይነቃል፣ የሚነቃውም ቁስሉ ላይ ነው። ካውዳሉ ከተሰጠ ግን ከእምብርቱ በታች ያለው ሰውነቱ ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላም ለሰዓታት ደንዝዞ ይቆያል። ብዙ ጊዜ በምንጠቀምበት ቡፒቫኬይን በሚባለው መድኃኒት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ነው። ያ ጊዜ ሳያልቅ ፓራሲታሞል ይጀመርለታል። በዚህ ላይ የሰመመኑም መጠን ይቀንሳል፣ ትንፋሽ የሚያዳክሙት እንደ ሞርፊን ያሉ መድኃኒቶችም ብዙ አያስፈልጉም።

ምን እንደሚደረግ ልንገርሽ። ልጅሽ ከተኛ በኋላ በጎኑ ይጋደማል፣ ጉልበቱ ወደ ሆዱ ይታጠፋል፣ ማህፀን ውስጥ እንደነበረው። መርፌው የሚገባው ወገቡ ላይ አይደለም። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ መቀመጫው ለሁለት መከፈል የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ጋ በጣት ሲዳሰስ ከቆዳው ስር ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ የአጥንት ጉብታዎች ይገኛሉ፣ ሽምብራ የምታክል እያንዳንዷ። በመሀላቸው አጥንት የለም፣ ስስ ሽፋን ብቻ ነው። መርፌው ያንን ሽፋን ሲያልፍ እጅ ላይ ትንሽ «ጠብ» የሚል ነገር ይሰማል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መድኃኒቱን ቀስ እያሉ መስጠት ነው፤ መርፌው ወዲያው ይወጣል፣ ትንሽ ፕላስተር ይለጠፋል። በለመደ እጅ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚወስደው።

አሁን ስለ ወገብሽ። የወገብ ህመም ከወሊድ በኋላ በጣም የተለመደ ነው፣ ምንም መርፌ ሳይነካቸው በምጥ የወለዱትም ያማቸዋል። እርግዝናው ራሱ፣ ጎንበስ ብሎ ማጥባቱ፣ ልጅ ማዘሉ ወገብን ይጎዳል። በምጥ ጊዜ ኤፒዱራል የወሰዱና ያልወሰዱ እናቶችን ለረጅም ጊዜ ተከታትለው ያነጻጸሩ ጥናቶች፣ መርፌው ዘላቂ የወገብ ህመም ያመጣል የሚል ነገር አላገኙም። ያ ማለት ግን ያንቺ ህመም ውሸት ነው ማለት አይደለም። 4 ዓመት የቆየ ህመም መታየት አለበት፣ «መርፌው ነው» ብለሽ አትቀመጪ።

ሽባ ስለሆነው ልጅ፣ ጎረቤትሽ የሰማችውን ልጅ እኔ አላውቀውምና ስለሱ መናገር አልችልም። ስለተመዘገበው ግን ልንገርሽ። ፔዲያትሪክ ሪጅናል አንስቴዥያ ኔትወርክ የሚባል የሆስፒታሎች ኅብረት አለ፣ አብዛኞቹ አሜሪካ ውስጥ ያሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት ልጆች ላይ የተሰጡ ከ100 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ የማደንዘዣ መርፌዎችን ቆጥሮ ነበር። ዘላቂ የነርቭ ጉዳት የደረሰበት አንድም ልጅ አልተመዘገበም። ለጊዜው የመደንዘዝ ወይም የመድከም ምልክት የታየባቸው ከ10 ሺህ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፣ እሱም አልፏል። አደጋ የሌለበት ህክምና የለም፣ ይህንን ልሸፍንልሽ አልፈልግም። ግን ፍርሃትሽ የሚነግርሽና መዝገቡ የሚነግረን በጣም ይራራቃሉ።

አንድ ነገር ግን ማንም ሳይነግርሽ እንዳይቀር። ወጣት ባለሙያ ሳለሁ፣ የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፣ ለአንድ የ3 ዓመት ልጅ ካውዳል ሰጠሁ። ጥሩ ሆነ፣ ልጁም ሳያለቅስ ነቃ። ማታ ላይ ከዋርድ ተጠራሁ። እናቱ ወለል ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ልጁን ለማቆም ስትሞክር እግሩ ታጥፎ ወደቀባት። «ገደላችሁት፣ ሽባ አደረጋችሁት» ትለኛለች። ልጁ ምንም አልሆነም ነበር፤ መድኃኒቱ ገና ስላልለቀቀው ነው እንጂ። ሌሊቱን በእግሩ ሄደ። እኔ ግን እግሩ ለጥቂት ሰዓታት ሊዝል እንደሚችል ለዚያች እናት አንድ ቃል አልነገርኳትም። ያንን ምሽት እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ከዚያ ወዲህ ለወላጅ ሳልነግር መርፌ ያነሳሁበት ቀን የለም።

ስለዚህ ላንቺም እነግርሻለሁ። የልጅሽ እግር ለጥቂት ሰዓታት ሊከብደው ይችላል። ብቻውን አታስነሺው፣ ያዢው። ትኩስ ነገር እግሩ ላይ አታድርጊ፣ ስለማይሰማው ሊቃጠል ይችላል። ሽንቱ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፤ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ድረስ ካልሸና ለነርስ ንገሪ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ደግሞ አንቺ የምትነግሪያቸው አለ። ሲቆስል ደሙ ቶሎ የማይቆም ከሆነ ንገሪ። ወገቡ ወይም መቀመጫው መሀል ላይ የተሰረጎደ ነገር፣ የጸጉር ቡቃያ ወይም እብጠት ካለ ንገሪ፤ ከስር የአከርካሪ ችግር ሊኖር ይችላልና ያኔ መርፌው ይቀር ይሆናል። እዚያ አካባቢ ቁስል ወይም ሽፍታ ካለም እንደዚሁ።

«የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሴት ልጄ 9 ዓመቷ ነው፣ የዳሌ አጥንቷ ሊስተካከል ትልቅ ኦፕራሲዮን ይጠብቃታል። ወገቧ ላይ ቀጭን ቱቦ ገብቶ ለ3 ቀን እንደሚቆይ ነገሩን። ያስጨነቀኝ ተኝታ ሳለች ነው የሚያስገቡት መባሉ ነው። ባለቤቴ ስትወልድ ቁጭ ብላ፣ ነቅታ ነበር። ነርቭ ቢነኩባት በምን ታውቃለች?» (አንድ አባት)

ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ ባለሙያዎችንም ለዓመታት ያከራከረ ነው። ትልቅ ሰው ነቅቶ የሚወጋው ልክ ባልከው ምክንያት ነው፣ «እግሬን ነዘረኝ» ብሎ እንዲናገር። ለልጅ ግን ስሌቱ ይገለበጣል። የ9 ዓመት ልጅ ፈርታ፣ የማታውቃቸው ሰዎች ከበዋት፣ ጀርባዋ ላይ መርፌ እየገባ ሳትንቀሳቀስ 10 ደቂቃ ትቆያለች ብሎ ማሰብ ከባድ ነው። መርፌው ህብለ ሰረሰር አጠገብ ሆኖ ልጅ ብትወራጭ፣ ትልቁ አደጋ ያ ነው። የአሜሪካና የአውሮፓ የሪጅናል አንስቴዥያ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2015 በጋራ ባወጡት ምክር፣ ልጆችን አስተኝቶ መሥራት ደኅንነቱ ተቀባይነት ያለው አሠራር ነው ብለዋል። ከላይ የጠቀስኩት ጥናት ውስጥ ያሉት ልጆችም አብዛኞቹ ተኝተው ነው የተሠራላቸው።

ታዲያ በምን ያውቃሉ? በእጃቸው ነው። መርፌው ላይ የጨው ውሃ ያለበት ሲሪንጅ ይገጠማል። አውራ ጣት ሲሪንጁን እየገፋ መርፌው ትንሽ ትንሽ ይገባል። ጅማት ውስጥ እስካለ ድረስ ሲሪንጁ አልገፋ ይላል። ጅማቱን ሲያልፍ በአንዴ ይለቃል፣ ውሃው ሳያስቸግር ይገባል። ያኔ ይቆማሉ። በዚያ በኩል ቱቦው ይገባል፣ መርፌው ይወጣል፣ ጀርባዋ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል። ቱቦው ልስልስ ነው፤ ልትተኛበትም ትችላለች።

በነዚያ 3 ቀናት ያንተ ዓይን ያስፈልጋል። እግሯን ማንቀሳቀስ ከቀን ወደ ቀን እየቀለላት እንጂ እየከበዳት መሄድ የለበትም። መጀመሪያ እግሯን እያንቀሳቀሰች ቆይታ በኋላ ካቃታት፣ ወይም ደህና የነበረችው በድንገት የማይቻል ህመም ከጀመራት፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ቱቦው የገባበት ቦታ ከቀላ፣ «ነገ ሐኪሙ ሲመጣ» አትበል፣ ወዲያው ጥራ። ማሳከክ ከመጣባት አብሮ ከሚሰጠው መድኃኒት ሊሆን ይችላልና ንገራቸው፣ ይስተካከላል።

አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እንግሊዝኛህ ጥሩ ቢሆንም ባለቤትህ በአማርኛ መጠየቅ ከፈለገች ጠይቁ። ትልልቆቹ ልጆች እንዲያስተረጉሙ ግን አታድርጉ። የእህቱን ህመም መተርጎም ለልጅ ከባድ ሸክም ነው፣ የከበደውን ቃልም ይዘለዋል።

«በአንድ የዞን ሆስፒታል የምሠራ አንስቴቲስት ነኝ፣ ከተመረቅኩ 2 ዓመቴ። ልጆችን የምንሠራው ኬታሚን በሚባለው የሰመመን መድኃኒት ነው። ካውዳል ተማሪ ሳለሁ ጥቂት ጊዜ ሠርቻለሁ፣ ከዚያ ወዲህ አልደፈርኩም። ለልጅ የሚሆን ቱሂ የሚባለው የኤፒዱራል መርፌም አልትራሳውንድም የለንም። ኤፒዱራል ካቴተር፣ ጀርባ ላይ የሚቆየውን ቀጭን ቱቦ፣ መጀመር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? ጥልቀቱንስ በምን ልገምት?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ደስ አሰኝቶኛል። ልጆቹ ሲነቁ ስለሚሰማቸው ማሰብህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ከካቴተሩ አትጀምር። ከካውዳሉ ጀምር።

ምክንያቱ ይህ ነው። ካቴተር ማስገባቱ ብቻውን ሥራ አይደለም። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ እግሩን፣ ትንፋሹን፣ ቱቦውን የሚያይ ነርስ፣ በሰዓት የሚሰጠውን መጠን የሚቆጣጠር ፓምፕ፣ ችግር ሲመጣ የሚጠራ ሰው ያስፈልጋል። ይህ በሌለበት ዋርድ ውስጥ ካቴተር ያለበትን ልጅ መተው ለልጁም ላንተም ጥሩ አይደለም። ካውዳል ግን ልዩ ዕቃ አይፈልግም። አሜሪካዊው የሽንት ቧንቧ ሐኪም ሜሬዲዝ ካምቤል ልጆች ላይ ካውዳል ስለ መስጠት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው፣ አልትራሳውንድ በሌለበት ዘመን። ላንተ ባለ 22 ጌጅ ካኑላ፣ ያ ፕላስቲክ የለበሰው ቀጭን መርፌ፣ ይበቃሃል።

የልጅ ጀርባ የትልቅ ሰው ጀርባ ያነሰው ዓይነት አይደለም፣ ይህንን መጀመሪያ ያዝ። ሲወለድ ህብለ ሰረሰሩ የሚያልቀው ሦስተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው፣ ወደ አንደኛው ከፍ የሚለው አንድ ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ውሃ ያለበት ከረጢት ደግሞ አራስ ላይ እስከ ሦስተኛውና አራተኛው የሳክረም አጥንት (ከወገብ በታች፣ ከጭራ አጥንት በላይ ያለው) ይወርዳል፤ ትልቅ ሰው ላይ ሁለተኛው ላይ ያበቃል። ስለዚህ ካውዳል ስትሰጥ ጨቅላ ላይ ከረጢቱ ከመርፌህ ጫፍ ብዙ አይርቅም። ሽፋኑን ካለፍክ በኋላ መርፌውን ወደ ቆዳው ዝቅ አድርገህ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ግባ። ካኑላ ከሆነ መርፌውን ያዝና ፕላስቲኩን ብቻ ግፋው። ሳያስቸግር ከተንሸራተተ ቦታህ ላይ ነህ። ካስቸገረ አታስገድደው፣ አውጣና እንደገና ዳስስ።

ቦታውን ለማግኘት ሦስት ማዕዘን አስብ። ከኋላ በኩል ሁለቱን የዳሌ አጥንት ጫፎች ያዝ፣ እነሱን መሠረት አድርገህ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ወደ ታች ሣል። ጫፉ የሚያርፈው ካውዳሉ የሚገባበት፣ በጉብታዎቹ መሀል ያለው ቀዳዳ አካባቢ ነው። ግን ምልክቱ አይበቃህም፣ ሁለቱን ጉብታዎች በጣትህ ሳታገኝ አትውጋ። የመቀመጫው ስንጥቅ ሊያታልልህ ይችላል፣ ሁልጊዜ መሀል ላይ አይደለም። ቆዳውን ካጸዳህ በኋላ እስኪደርቅ ጠብቅ። ቦታው ለዳይፐር ቅርብ ነው፣ እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም።

አሁን መድኃኒቱ። አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የምንጠቀምበት፣ አርሚቴጅ የተባለ ሐኪም ያወጣው ስሌት አለ፦ ለግርዛትና ለመሰል ነገር በኪሎ 0.5 ሚሊ ሊትር፣ ለቡአ በኪሎ 1 ሚሊ ሊትር፣ የ0.25 ፐርሰንት ቡፒቫኬይን። ጣሪያው በኪሎ 2.5 ሚሊ ግራም ነው። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ውሰድ። 12 ሚሊ ሊትር ማለት 30 ሚሊ ግራም ነው፣ ያ ደግሞ ልክ ጣሪያው ነው። ከዚያ በላይ አንዲት ጠብታ የለህም። እጅህ ላይ ያለው 0.5 ፐርሰንት ከሆነ 6 ሚሊ ሊትሩን በ6 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን አቅጥን። ሳታቀጥን ከሰጠህ እጥፍ ሰጠህ ማለት ነው። ለስፓይናል የሚሆነውን፣ ስኳር ያለበትን «ሄቪ»ውን ደግሞ ለዚህ አትጠቀም። አምፑሉን ራስህ አንብብ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ጮክ ብሎ ያንብብልህ። ልጁንም በሚዛን መዝን፣ በዓይን አትገምት።

ካኑላው ከገባ በኋላ ለጥቂት ሰኮንድ ክፍት ተወውና ደም ወይም ውሃ ይመጣ እንደሆነ እይ። ቀስ ብለህ ሳብ። ምንም አልመጣም ማለት ግን ደም ሥር ውስጥ አይደለህም ማለት አይደለም፣ የልጅ ደም ሥር ስስ ስለሆነ ስትስብ ይጨፈለቃል። ለዚህ ነው የሙከራ መጠን የምንሰጠው። 1 ለ200 ሺህ አድሬናሊን ያለበትን መድኃኒት በኪሎ 0.1 ሚሊ ሊትር ስጥና ዓይንህን ከሞኒተሩ አታንሳ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የልብ ምቱ በ10 ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ወይም ኢሲጂው ላይ ቲ ሞገዱ ከተነሳ፣ ደም ሥር ውስጥ ነህ፣ አቁም። ከዚያ በኋላም የቀረውን በአንዴ አታፍስሰው፣ ትንሽ ስጥ፣ ሳብ፣ ሞኒተሩን እይ፣ ደግመህ ስጥ። ሌላኛው እጅህን ከሳክረሙ በላይ ቆዳው ላይ አሳርፍ፤ መድኃኒቱ ከቆዳ ስር ከገባ ጣትህ ስር ሲያብጥ ይሰማሃል። ማደንዘዣው ሠርቶ እንደሆነ ለማወቅ ቢላው ከመነሳቱ በፊት 10 ወይም 15 ደቂቃ ጠብቅ። ቀዶ ሐኪሙ ቢቸኩልም ጠብቅ።

ኢንትራሊፒድ የሚባለውን ባለ 20 ፐርሰንት ስብ ሆስፒታላችሁ እንዲያስመጣ ጠይቅ። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ገብቶ ልብን ቢመርዝ በኪሎ 1.5 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፣ ከደረት መጫኑና ከኦክስጅኑ ጋር። የተኛ ልጅ ጆሮዬ ጮኸብኝ አይልህም፣ የመጀመሪያው ምልክት የልብ ምት መዛባት ሊሆን ይችላል።

ጥልቀቱን በምን ልገምት ላልከው፣ ወገብ ላይ ለሚገባው ኤፒዱራል ከ6 ወር እስከ 10 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በግምት በኪሎ 1 ሚሊ ሜትር ነው። 15 ኪሎ ልጅ፣ 15 ሚሊ ሜትር። ከትንሽ ጣትህ ጥፍር ብዙ አይበልጥም። ትልቅ ሰው ላይ ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር የለመደ እጅ ልጅ ላይ ሲመጣ የሚሳሳተው ለዚህ ነው። ጅማቱም ለስላሳ ነው፤ ትልቅ ሰው ላይ የምታውቀው ያ ጠንካራ ግፊት አይሰማህም። ሲሪንጁ ውስጥ ደግሞ አየር ሳይሆን የጨው ውሃ አድርግ። ልጅ ላይ ትንሽ አየር ደም ሥር ውስጥ ቢገባ ጉዳቱ ትልቅ ነው። ይህንን የምነግርህ ግን ነገ እንድትሞክረው አይደለም። አጭሩ የልጅ ቱሂ መርፌ ሲኖርህ፣ የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ቆሞ፣ ያኔ።

አንድ የሚያስደስትህ ነገር ልጨምር። ደረት ላይ ለሚሠራ ኦፕራሲዮን ጨቅላ ሕፃን ላይ ደረት ጋ መውጋት አስፈሪ ነው፣ ህብለ ሰረሰሩ እዚያው ስር ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የደቡብ አፍሪካዋ ደርባን ከተማ ሐኪሞች ሌላ መንገድ አሳዩ። ካቴተሩን በታች፣ በካውዳሉ በኩል አስገብተው ወደ ላይ እስከ ደረት ገፉት። ሕፃናት ላይ እዚያ ክፍተት ውስጥ ያለው ስብ ልቅና ለስላሳ ስለሆነ ያሳልፋል፤ ልጁ ከፍ ሲል ግን እየተጣበቀ ያስቸግራል። ይህ የእኛው አህጉር ሥራ ነው፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል።

የመጀመሪያዎቹን ካውዳሎች ብቻህን አትሥራ። የሚያሳይህ ሰው አጠገብህ ከሌለ ፈቃድ ጠይቀህ ብዙ ልጆች ወደሚሠሩበት ሆስፒታል ሂድ፣ ሁለት ሳምንት ቢሆንም። እዚያ ቆመህ የምትዳስሰው ብዙ ነገር ያሳውቅሃል። ከ7 እና 8 ዓመት በላይ ያሉ ልጆች ላይ ደግሞ አትጀምር፣ ቀዳዳው እየጠበበ፣ መድኃኒቱም የሚደርስበት ከፍታ እየተዛባ ይሄዳል።

«የልጅ ልጄ በ7 ወር ነው የተወለደው። አሁን 2 ወር ሆነው፣ ቡአ ወጣበት። ሐኪሞቹ አናስተኛውም፣ ነቅቶ ጀርባው ላይ ወግተን እንሠራዋለን አሉ። እንዲህ ያለ ጨቅላ ነቅቶ ሲቆረጥ እንዴት ይሆናል? ደግሞስ ሰመመን አእምሮ ይጎዳል ይላሉ።» (አንዲት አያት፣ ከባሕር ዳር)

እናቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ በ7 ወር ተወልዶ እዚህ መድረሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች ትንፋሽ የሚያዘው የአንጎል ክፍል ገና አልበሰለም። ሰመመን ከወሰዱ በኋላ በሰዓታት ውስጥ መተንፈስ ሊረሱ ይችላሉ። ይህ አደጋ ከእርግዝናው መጀመሪያ ጀምሮ ተቆጥሮ ወደ 60 ሳምንት እስኪጠጉ ድረስ አለ። የልጅ ልጅዎ ገና 40 ሳምንት አካባቢ ነው። ለዚህ ነው ሐኪሞቹ ሳያስተኙ በስፓይናል ወይም በካውዳል መሥራትን የመረጡት። ህብለ ሰረሰሩ የሚያልቀው ከትልቅ ሰው ዝቅ ብሎ ስለሆነ መርፌው ከዚያ በታች ነው የሚገባው።

ነቅቶ ሲባል ይሰማዋል ማለት አይደለም። ከወገቡ በታች ምንም አይሰማውም። ብዙ ጊዜ በስኳር ውሃ የተነከረ ነገር አፉ ላይ ይደረግለታል፣ እጁ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ብዙዎቹ እዚያው ያንቀላፋሉ። ድሮ ጨቅላ ህመም አያውቅም እየተባለ ብዙ ልጅ ተሰቃይቷል፤ ያ አስተሳሰብ መለወጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው።

አእምሮ ስለሚጎዳው፣ 722 ሕፃናት የተካፈሉበት በብዙ አገሮች የተደረገ አንድ ጥናት አለ። ግማሾቹ ነቅተው ጀርባቸው ላይ ተወግተው፣ ግማሾቹ በሰመመን ነው ቡአቸው የተሠራው። በ5 ዓመታቸው ሲፈተኑ በማሰብ ችሎታቸው ልዩነት አልታየም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቷል። ስለዚህ መርፌው ባይሳካና ወደ ሰመመን ቢዞሩ አይደንግጡ፣ ከአንድ ሰዓት ያነሰ አንድ ሰመመን አእምሮውን አይጎዳውም። በየትኛውም መንገድ ቢሠራ ግን ያን ሌሊት ሆስፒታል ማደር አለበት፣ ትንፋሹ እየታየ። «ደህና ነው፣ ውሰዱት» ቢሏችሁ እንኳ ያለ ጊዜው መወለዱን ደግማችሁ ንገሩ። ደም ማነስ ካለበትም ይጠየቅ፣ የትንፋሹን አደጋ ይጨምረዋልና።

«መርፌውን አልፈልግም ብል ልጄን አንሠራም ይሉኛል?» (ስልክ ቁጥሯን ብቻ የላከች እናት)

አይሉሽም። የወላጅ ፈቃድ ከሌለ አይሰጥም። ያኔ ቀዶ ሐኪሙ ቁስሉ ዙሪያ ማደንዘዣ ሊወጋለት ይችላል፣ ወይም ብሽሽቱ ላይ ያለው ነርቭ ብቻ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን በሰዓቱ ይሰጠዋል። ለትንሽ ኦፕራሲዮን እነዚህ ይበቃሉ። ትልቅ ሆድ ወይም ትልቅ አጥንት የሚሠራ ከሆነ ግን ልዩነቱ ብዙ ነው፣ ልጁ ይከፍለዋል። ስለዚህ «አልፈልግም» ከማለትሽ በፊት የሚወጋውን ሰው ራሱን አግኚው። ቀዶ ሐኪሙን ሳይሆን አንስቴቲስቱን። አብዛኛውን ጊዜ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባለው ቀን ወይም ጠዋት ላይ ልጁን ለማየት ይመጣል፤ ካልመጣ አስጠሪው፣ ሳይመጣም አትፈርሚ።